አርባ ላይ የሚመታው

ጠጋ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። መሣሪያውን የሚሸጡት ቢሰሙ ይቀየሙኛል፤ አብረውኝ የሚያመሹት ሁለት ሦስት ወዳጆቼም “ገመናችንን አወጣኸው” ማለታቸው አይቀርም።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ሣጥን ወደ ሰማይ ደግነው የሚያንጋጥጡ ሰዎች ካያችሁ የጠፋ ኔትወርክ የሚፈልጉ እንዳይመስሏችሁ። እኛ ነን። የሌሊት ወፍ እያዳመጥን ነው። ሣጥኗ በፈረንጅ አፍ “ባት ዲቴክተር” ትባላለች፤ እኛ እርስ በርሳችን “ጆሮዋ” እንላታለን።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በሀብትም በዕውቀትም አይደለም። ድሮ በጀልባ እየዞርኩ ወፍ የማሳይ አስጎብኚ ነበርኩ። አንድ ፈረንጅ እንግዳ ሊሄድ ሲል ሻንጣው ከበደውና አሮጌ ማዳመጫውን “ላንተ ትሁን” ብሎ ሰጠኝ። እንግዳ ከቀረ፣ ጀልባዋም ከቆመች ሰነበተ፤ ሣጥኗ ግን እጄ ላይ ቀረች።

በመጀመሪያው ምሽት የአንድ ግቢ ጥበቃ የሆኑ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፍም እየቆሰቆሱ ሲያዩኝ ቆዩ።

“አንተ ልጅ፣ ሬዲዮህ የት ጣቢያ ይዞ ነው እንዲህ የሚንጣጣው?”

“የሌሊት ወፍ ጣቢያ ነው፣ አባባ።”

ሳቁብኝ። “እሷ ደግሞ ምን ዜና አላት?”

ጥያቄው ለቀልድ ነበር። እኔ ግን መልሱን ይዤላቸው እስክመለስ ብዙ ምሽት አለፈ፤ በመካከሉም ብዙ ጊዜ ተሳሳትኩ። የምነግራችሁ ስለዚያ ስሕተት ነው።

ማዞሪያው

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው የነፍሰ ጡር ምርመራ ነው። ነገሩ አንድ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይህም ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አልትራሳውንድ ነው፤ ነፍሳት እያደኑ የሚኖሩት የሌሊት ወፎችም በአብዛኛው የሚጮኹት እዚያ ላይ ነው። ጩኸቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ የአንዳንዷ አፏ አጠገብ ቢለካ ከ110 ዴሲቤል ይበልጣል። ይህ ሁሉ ጫጫታ በየምሽቱ በአናታችን ላይ እያለፈ እኛ “እንዴት ያለ ጸጥ ያለ ምሽት ነው!” እንላለን።

የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዘመን ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ የሣጥኗን አሠራር ግማሹን ታውቁታላችሁ። አባቶቻችን የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ሲፈልጉ ማዞሪያውን በቀስታ ሲያዞሩት፣ ጣቢያው ሳይያዝ በፊት “ፊዩዩው” የሚል ፉጨት ይመጣ ነበር። ያ ፉጨት የሁለት ሞገዶች ልዩነት ነው። ርካሿ ማዳመጫም በዚሁ ዘዴ ትሠራለች። ማዞሪያዋን 40 ላይ አድርጋችሁ በ42 ኪሎኸርዝ የምትጮህ የሌሊት ወፍ ብታልፍ፣ ሣጥኗ የምታሰማችሁ ልዩነቱን፣ 2 ኪሎኸርዙን ነው። ስልቱ ሄትሮዳይን ይባላል። ማዞሪያውን ስትነካኩ ድምፁ እየወፈረ ወርዶ “ጥም፣ ጥም” ካለ የወፏ ቁጥር ላይ ደርሳችኋል፤ እየቀጠነ “ጭክ፣ ጭክ” ካለ እየራቃችሁ ነው።

ልብ በሉ፤ እንግዲህ የሰማችሁት የወፏን ድምፅ አይደለም። እናንተ ባስቀመጣችሁት ቁጥርና በእሷ ቁጥር መካከል ያለውን ርቀት ነው። ጀማሪ ይህን ከረሳ ኋላ የሚመጣው ስሕተት ሁሉ ከዚህ ይወለዳል።

ሌሎች ስልቶችም አሉ። አንዱ ድምፁን ለዐሥር ያካፍላል፤ 45 የነበረው 4.5 ሆኖ ይሰማል። ሌላው ይቀርጽና ዐሥር እጥፍ አዘግይቶ ያጫውታል። ሦስተኛው ሁሉንም እንዳለ ቀርጾ በኮምፒዩተር ላይ በሥዕል ያሳያል። በሳውዝሃምፕተንና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች የተሠራችው ኦዲዮሞዝ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ከዚህኛው ወገን ናት። ሦስት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ጎርሳ በሰከንድ እስከ 384 ሺህ ጊዜ ትቀርጻለች፤ ስለዚህ እስከ 192 ኪሎኸርዝ ያለውን ሁሉ ታስቀራለች። ዛፍ ላይ አስሮ ለመሄድ የምትመች ናት፤ ግን የምታምኑት ሰው ግቢ ውስጥ ካልሆነ ጠዋት የምታገኙት ገመዱን ብቻ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ማዞሪያ ያላትን ነው። ከመቶ ዶላር በታች የምትገኝ አለች። ርካሽነቷ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ እዚያው ቆማችሁ፣ እጃችሁ ማዞሪያው ላይ ሆኖ፣ ዓይናችሁ ሰማይ ላይ እንዲቆይ ታስገድዳችኋለች። ቀራጯ ግን ሥራውን ለነገ ታስተላልፋለች፤ ነገ ደግሞ ብዙ ሺህ ፋይል ይዛ ትጠብቃችኋለች።

አሁን ሻጮቹ የሚቀየሙበት። “ስልክዎን የሌሊት ወፍ ማዳመጫ ያድርጉት” የሚል መተግበሪያ ካያችሁ፣ ተጨማሪ ማይክሮፎን ሰክታችሁ እንድትጠቀሙ ካልጠየቀ እለፉት። ስልክ ድምፅን የሚቀርጸው ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ነው፤ በዚህ አቆጣጠር ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ ያለ ነገር ጨርሶ አይመዘገብም። የሚበዙት የሌሊት ወፎች የሚጀምሩት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ደግሞ አውራ ጣታችሁንና አመልካች ጣታችሁን ማይክሮፎኑ አጠገብ በቀስታ አፋትጉ። ለጆሮ የማይሰማው መፋተግ በሣጥኗ ውስጥ የደረቀ ቅጠል እንደሚረገጥ “ሽርክ፣ ሽርክ” ማለት አለበት። የቁልፍ ጥምር ብታንቀጫቅጩባት ደግሞ መጮህ አለባት። ዝም ካለች ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ገመናው

በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከአንድ ግቢ በር ፊት ለፊት ቆሜ፣ ማዞሪያዬን 40 ላይ አድርጌ፣ “ትክ፣ ትክ፣ ትክ” የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ያዝኩ። ዘለልኩ ማለት ይቻላል። በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣ። በሦስተኛው ቀን ደብተር ገዛሁ። አራት ገጽ ሞላሁ፦ “ምሽት 1፡10፣ 40 ላይ፣ አንዲት ብቻ፣ ምቷ ዝንፍ አይልም፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ትቆያለች።” ወዳጆቼን ጠርቼ “ማደሪያዋን አግኝቻለሁ” አልኳቸው።

ሁላችንም ተሰልፈን ስንጠብቅ አንድ ላንድክሩዘር መጣና ወደ ኋላ እያለ ወደ ግቢው ገባ። “ትክ፣ ትክ፣ ትክ።” ሞተሩ ጠፋ። ድምፁም ጠፋ።

የመኪናው የኋላ ሴንሰር ነበር። ያ ሴንሰር ልክ እንደ ሌሊት ወፏ አልትራሳውንድ ልኮ በሚመለሰው ማሚቶ ርቀት ይለካል፤ የሚሠራውም 40 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለሮቦታቸው የሚገጥሟት ሁለት ዓይን ያላት የርቀት መለኪያም እንዲሁ ናት። እንዲያውም ተማሪ ጎረቤት ካላችሁ እሷን አስነሥቶላችሁ ማዞሪያ መለማመድ ትችላላችሁ፤ ከእውነተኛዋ በፊት የሐሰተኛዋን ድምፅ ማወቅ ይጠቅማል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ በእኛ መካከል የተጋነነ ወሬ ያመጣ ሰው ሁሉ “ነገሩ አርባ ላይ የሚመታ ነው” ይባላል። የመሬት ደላላም ይሁን የሎተሪ ወሬ። አራቱን ገጾች ግን አልቀደድኳቸውም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመርኩባቸውና ተውኳቸው።

የማያሳስት ምልክቱ ምቱ ላይ ነው። መኪና፣ ትራንስፎርመር፣ አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖል እኩል ይመታሉ ወይም ሳያቋርጡ ይጮኻሉ። የሌሊት ወፍ ግን ባዶ ሰማይ ላይ ስትሆን ትዘገያለች፣ ዛፍ ስትጠጋ ትፈጥናለች፣ ስትዞር ምቷ ይሰበራል። እንዲሁም የናይለን ጃኬት ለብሳችሁ አትምጡ፤ ክንዳችሁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሣጥኗ ውስጥ ጎርፍ ይወርዳል። ጋቢ ለዚህ ሥራ ከጃኬት ይሻላል፤ የጥበቃው ሽማግሌ ሳያውቁት ትክክለኛውን ልብስ ለብሰው ነበር።

ከሁሉ የሚያደናግረው ፌንጣ ነው። ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ የጣና ዳር ሣር በፌንጣ ይሞላል፤ የብዙዎቹ ዝማሬ ከጆሯችን በላይ ወዳለው ክልል ይዘልቃል። ጀማሪው ይበሳጫል። ታሪኩን ቢያውቅ ግን አይበሳጭም ነበር፤ የመጀመሪያዋ ማዳመጫ ለሌሊት ወፍ አልተሠራችምና። ሃርቫርድ ውስጥ ጆርጅ ፒርስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የፌንጣና የመሰሎቹን ዝማሬ የሚያጠናበት መሣሪያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1938 ዶናልድ ግሪፊን የተባለ ወጣት ተማሪ የሌሊት ወፎቹን ይዞ ወደ እሱ ሄደ። መሣሪያው ፊት ሲያቀርቧቸው ጸጥተኞቹ ፍጥረቶች ጫጫታቸው ወጣ።

ቀጥሎ የሆነውን ነው ለጀማሪ ሁሉ የምነግረው። ወፎቹን በክፍሉ ውስጥ ሲያበርሯቸው መሣሪያው እምብዛም አልያዛቸውም። ሁለቱም ድምፁ ለመንገድ መሪነት ስለማገልገሉ እርግጠኛ ሳይሆኑ ጽሑፋቸውን አወጡ። ወፎቹ ግን ሲበሩ ዝም አላሉም፤ ማይክሮፎኑ የሚሰማው ቀጥ ብሎ ፊቱ ያለውን ብቻ ስለነበር ነው ያለፉት። ግሪፊን ኋላ ከሮበርት ጋላምቦስ ጋር ሆኖ ነገሩን አጣራ፤ በ1944 እ.ኤ.አ. ደግሞ በማሚቶ መንገድ ለማግኘት “ኢኮሎኬሽን” የሚል ስም አወጣለት። ሃርቫርድ ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ የእናንተ የመጀመሪያ ምሽት ባዶ ቢሆን አያስደንቅም። ሣጥኗን እንደ ሻማ ቀጥ አድርጋችሁ አትያዙ፤ በቀስታ ወዲህና ወዲያ ጥረጉባት።

ሰዓቱና ቦታው

ሰው የሚጠይቀኝ “ለዚህ ነገር ዘጌ ልሂድ ወይስ ደሴት ላይ ልደር?” እያለ ነው። ዘጌ ደኑ ያምራል፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ነገር ግን የጎብኚ ጀልባ ከመምሸቱ በፊት ይመለሳል፤ እናንተም ዋናውን ሰዓት ሞተር እየሰማችሁ ውኃ ላይ ታሳልፉታላችሁ።

የሌሊት ወፍ ጠርዝ ትወዳለች፤ የዛፍ መስመር ዳር፣ ውኃና የብስ የሚገናኙበት፣ የመንገድ መብራት ብርሃኑ የሚያልቅበት። ባሕር ዳር ደግሞ ጠርዝ የሞላት ከተማ ናት። ሐይቁን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ፣ ዘንባባውና ጃካራንዳው፣ ከደንገሉ ተነሥቶ መብራት ላይ የሚከማቸው ትንኝ፤ ይህ ሁሉ ለእሷ የተዘረጋ ገበታ ነው። የራሳችሁ በረንዳ ከአንድ መብራትና ከአንድ ዛፍ ጋር ከተያያዘ ከቤት መውጣት እንኳ አያስፈልጋችሁም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ኅዳር ላይ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ተጠግታ ነው። ከጠለቀች በኋላ ያለው አርባ ደቂቃ ከቀሪው ሌሊት ሁሉ ይበልጣል፤ ወፏ ተርባ ትወጣለች፣ ሰማዩም ገና ጥላዋን ለማየት ያህል ብርሃን አለው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በጸጥታው ችግር የተነሣ በከተማችን የምሽት እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ የትም አትውጡ፤ በሌለበትም ጊዜ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እቤት ግቡ። ይህ ጨዋታ ለዚህ አመቺ ነው፤ ቀድሞ ይጀምራል፣ ቀድሞም ያልቃል።

ሁለት ቦታ አትሂዱ። አንደኛው ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ዳርቻ ነው። ወፏ በምትወጣበት ሰዓት ጉማሬውም ሣር ሊግጥ ከውኃው ይወጣል፤ ዓይናችሁ ሰማይ ላይ ሆኖ ጉማሬ ላይ መድረስ የሚመለሱበት ስሕተት አይደለም። ሁለተኛው ድልድይ ነው። በ2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ያምራል፤ ቢሆንም የሚያንጣጣ ሣጥን ወደ ድልድይ ደግኖ መቆም ለጠባቂዎች የሚገባ ሥራ አይደለም። የትም ብትቆሙ አስቀድማችሁ ለአካባቢው ጥበቃ ንገሩ፤ ከዚያ ሣጥኗን ሰጥታችሁ አስደምጡ። አንዴ የሰማ ሰው በማግስቱ ራሱ ይጠራችኋል።

ዝናብ ካለ ተዉት። ማይክሮፎኑ እርጥበት ይጠላል፣ ወፏም አትወጣም። መስከረምና ጥቅምት፣ ዝናቡ ሄዶ ነፍሳቱ ሳይሄዱ፣ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጡ ወራት ናቸው።

ጣቢያዎቹ

ማዞሪያውን መጀመሪያ 25 ላይ አድርጉ። ይህ የቆርቆሮ ጣራ ጣቢያ ነው። ጅራቷ ከክንፏ ሽፋን ወጣ ያለ፣ ጠባብ ክንፍ ያላት፣ ቀጥ ብላ የምትፈተለክ ትንሽ ወፍ አለች፤ ቀን የቆርቆሮውን ሙቀት ችላ ኮርኒስ ውስጥ ትውላለች። የእሷ ዓይነት ለሳይንስ የተዋወቀው ከምፅዋ በተወሰደ ናሙና ነው፤ ስሙም የወጣው በ1830 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ድምፅዋ ሰፊ ሜዳ ላይ እንደሚጣል ጠጠር ነው፤ “ጥክ … ጥክ … ጥክ”፣ ቸኩላ አታውቅም።

ከዚያ 40 እና 50 መካከል ውጡ። እዚህ ትንንሾቹ ናቸው፤ መብራት ዙሪያ እንደ ተነፋ ወረቀት የሚገለባበጡት። ምታቸው ፈጣን ነው። እዚህ ላይ ነው ጀማሪን ለዘለዓለም የሚይዘው ነገር የሚመጣው። “ትክ … ትክ … ትክ” እያለች ስትመጣ ድንገት “ትትትትርርርርፕ!” ትላለች፤ ከዚያ ዝምታ። ትንኝ ላይ ደርሳ ነው። ዒላማዋ በቀረበ ቁጥር ርቀቱን ቶሎ ቶሎ ማወቅ ስላለባት ጩኸቷን ታፈጥነዋለች፤ በመጨረሻው ቅጽበት በሰከንድ ወደ 200 ጊዜ ሊደርስ ይችላል። እኛ “ፊርማ” እንለዋለን። አንድ ምሽት ላይ ስንት ፊርማ እንደተሰማ ቆጥሮ መጻፍ ለጀማሪ ከዝርያ ስም የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ማን እንደበላ ባታውቁም የት እንደተበላ ታውቃላችሁና።

ከዚያም ከ130 በላይ ውጡ። ቅጠል የመሰለ አፍንጫ ያላቸው አሉ፤ ድምፃቸው ምት ሳይሆን አጭር ፉጨት ነው። እነሱን ለመስማት ግን ዕድል ያስፈልጋል፤ ድምፅ በቀጠነ ቁጥር አየር ቶሎ ይውጠዋል። 25 ላይ የምትጮኸዋን ከሩቅ ትይዟታላችሁ፤ ይህቺን ግን ጥቂት ሜትር ካልቀረበች አታገኟትም።

ከነጭራሹ የማይጮኹ የሚመስሉም አሉ። ፊቷ ላይ ስንጥቅ ያለባት የሌሊት ወፍ ስታድን ድምፅዋ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ረጃጅም ጆሮዎቿን አቁማ የነፍሳቱን ኮቴ ቅጠል ላይ ታዳምጣለች። አጥኚዎች እንዲህ ያሉትን “ሹክሹክተኞች” ይሏቸዋል። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ “ዛሬ የበዛው 25 ላይ ያለው ነው” ብላችሁ ስትጽፉ፣ የበዛው ሳይሆን የጮኸው እንደሆነ አትርሱ። ሹክሹክተኛዋ ጆሯችሁ ሥር አልፋ ይሆናል።

ስም ማውጣት

ትልቁ ሹክሹክታ ይህ ነው። ውድ የሆነው መሣሪያ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ የዝርያውን ስም ወዲያው ይጽፍላችኋል። ስሙን አትመኑት። እነዚያ መተግበሪያዎች የሠለጠኑት በአብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በተቀረጹ ድምፆች ነው። ጣና ዳር ሲሰሙ የሚያውቁትን ቅርብ ስም ይሰጣሉ፤ ኢትዮጵያን ረግጣ የማታውቅ የሎንዶን ጓሮ ወፍ ባሕር ዳር ላይ “ተገኘች” ይሏችኋል። ይህም አርባ ላይ የሚመታ ነው፤ ልዩነቱ ዋጋው ብቻ ነው።

በእኛ ቋንቋ ስሟ አንድ ነው፤ የሌሊት ወፍ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኦሪት ዘሌዋውያን ከወፎች ጋር ተቆጥራለች፤ በተረታችን ደግሞ ግብር ሲመጣ ወፎቹን ጥርሷን፣ አራዊቱን ክንፏን እያሳየች የምታመልጠው እሷ ናት። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉ።

ስም እንዴት እንደሚወጣ ለማየት ከራሳችን ወንዝ አንድ ታሪክ አለ። በ1968 እ.ኤ.አ.፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን በጎማ ጀልባ የዓባይን ሸለቆ የሚወርድ ትልቅ ጉዞ መራ። ሰው የሚያስታውሰው ፏፏቴውንና በውኃ የተወሰደውን አባል ነው። ከጉዞው ጋር ግን ፓት ሞሪስ የሚባል የእንስሳት አጥኚም ነበረ። ዲዴሳ ከዓባይ በሚቀላቀልበት አካባቢ ከተያዙት የሌሊት ወፎች አንዷ ከዚያ በፊት በሳይንስ የማትታወቅ ሆነች። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ በለንደን ሙዚየም የሚሠራው ጆን ሂል ጥርስና የራስ ቅሏን ለክቶ በሞሪስ ስም ሰየማት። በእጅ ተይዛ፣ ተለክታ፣ ከሌሎች ጋር ተነጻጽራ ሦስት ዓመት ፈጀባት። ስልካችሁ ግን በሦስት ሰከንድ ልሰይምላችሁ ይላል።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማዞሪያው ስንት ላይ እንደነበር፣ ምቱ ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ፣ ስንት ፊርማ እንደተሰማ ጻፉ። ስም በሚለው ቦታ ላይ “አልታወቀም” በሉ። በእኛ ወግ በደብተሩ ውስጥ “አልታወቀም” የሚበዛለት ሰው ነው የሚከበረው። ጣና ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የሕይወት ክልል ነው፤ ነገ የሚያጠና ሰው ቢመጣ ከመቶ የተሳሳተ ስም ይልቅ አንድ ትክክለኛ ሰዓትና ቁጥር ይጠቅመዋል።

ከሩቅ

ይህን ደግሞ ሹክ ሳልል በግልጽ እናገራለሁ። አትንኳት። ኅዳር 2018 ዓ.ም ላይ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የማርበርግ ወረርሽኝ ጂንካ ላይ መከሠቱ ሲነገር ብዙ ጎረቤት ከጣራው ላይ ጭስ ሊያጨስ ተነሥቶ ነበር። የማርበርግ ቫይረስ ተፈጥሯዊ መኖሪያ መሆኗ የሚታወቀው ዋሻ ውስጥ የምትኖረው የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ናት። በሌላ በኩል የትኛዋም የሌሊት ወፍ ብትነክስ የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋል። ስለዚህ ዋሻ አትግቡ፣ የወደቀችውን በባዶ እጅ አታንሡ፣ ተነክሶ የወደቀ ፍሬ አትብሉ፣ ኩሷ የሞላበትን ኮርኒስ አትጥረጉ። ማጨስም ይበታትናታል እንጂ አያጠፋትም፤ ከጣራ ወደ መኝታ ቤት ታስገባታላችሁ።

የእኛ ጨዋታ ከዚህ ጋር አይጣላም። ጆሮዋ የተሠራችው ከሩቅ ለመስማት ነው፤ መረብ የለንም፣ ጓንት የለንም፣ ማንንም አንይዝም።

ሌላም ማጋነን ልስበር። “የሌሊት ወፍ የወባ ትንኝን ትጨርሳለች” የሚሉ ወዳጆች አሉን። ትንኝ ትበላለች፤ የእሳት እራትም፣ ጥንዚዛም፣ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች። አጎበራችሁን ግን አታውርዱ።

ዜናው

አንድ ጥቅምት ምሽት ወደ ጥበቃው ሽማግሌ ግቢ ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ ትልቅ ሾላ አለ፤ ፍሬው ደርሶ መሬቱን ሞልቶት ነበር። ጆሮዋን ከ15 ጀምሬ እስከ ላይ አዞርኩ። ፌንጣ ብቻ።

“አንተ የምትፈልጋት እዚህ ላይ ናት እኮ” አሉኝ ወደ ሾላው በአገጫቸው እያመለከቱ። “ስማ።”

ሣጥኗን አጠፋሁ። ከቅጠሉ ውስጥ ቀጭን ብረት በብረት እንደሚነካ “ቲንግ … ቲንግ … ቲንግ” የሚል ድምፅ ይመጣል። በባዶ ጆሮ የሚሰማ።

“ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ” አሉ። “ጉጉት ናት ይላሉ።”

እውነትም ትንሿ ጉጉት እንዲሁ እየደጋገመች ትጮኻለች። እኔም ወዲያው ስም ልሰጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አራቱ የተሰረዙ ገጾች ትዝ አሉኝና ዘጋሁት። ሦስት ምሽት ተመላለስኩ። በሦስተኛው ምሽት ከባትሪው መብራት ላይ ቀይ ላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቅርንጫፉ ሳበራ ውሻ የመሰለ ፊት፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ትከሻው ላይ ደግሞ እንደ ጥጥ የተበተነ ነጭ ፀጉር ታየኝ። ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። የእሱ ዘሮች በማሚቶ አይመሩም፤ መንገዳቸውን የሚያገኙት በዓይንና በአፍንጫ ነው። ጆሮዋ ዝም ያለችው ለዚህ ነበር።

“አባባ፣ ጉጉት አይደለችም። የሌሊት ወፍ ነው፤ ወንዱ።”

“ታዲያ ማሽንህ ለምን አልሰማውም?”

“እሱ ለማሽኔ አይደለም የሚጮኸው። ሚስት እየጠራ ነው።”

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። “እንግዲህ የሌሊት ወፍ ዜና አላት ማለት ነው” አሉና ፍሙን ቆሰቆሱ።

ደብተሬን አወጣሁ። ከተሰረዙት አራት ገጾች ቀጥሎ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ “ሾላ ላይ” ብዬ ቦታውን ጻፍኩ። ማዞሪያው ስንት ላይ ነበር በሚለው ቦታ ላይ “ጠፍቶ ነበር” አልኩ። ስም በሚለው ላይ “ፍሬ በል፣ ወንድ” ጻፍኩና፣ ዝርያ ከሚለው ፊት ለፊት “አልታወቀም” ብዬ ደብተሩን ዘጋሁ።